ከዲሴምበር ወደ ኋላ

ልጁ ቁርሱን የሚበላው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩን ዘግቶ፣ መብራት ሳያበራ። ብሮንዊን ወጥ ቤት ገብታ ስታጣው መጀመሪያ ወጥቶ የሄደ መስሏት ነበር። ወተቱ ክዳኑ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ የስንዴ ብስኩቱ ካርቶን ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ቅቤው አጠገብ ተጋድሟል። ካርቶኑን አውጥታ ወደ ቦታው ስትመልስ ነው ድምፁን የሰማችው። ዝቅ ያለ፣ የሚጸልይ ሰው ድምፅ የሚመስል። «ዲሴምበር፣ ኖቬምበር፣ ኦክቶበር፣ ሴፕቴምበር፣ ጁላይ...» ይልና ያቆማል። ማንኪያው ሳህኑን ይነካል። «ሴፕቴምበር... ጁላይ... አይደለም።» ከዚያ እንደገና ከዲሴምበር ይጀምራል። ብሮንዊን እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ ቆመች። የሚዘለው ኦገስትን ነበር፤ ያሉበትን ወር።

ከረቡዕ ጀምሮ በኮሪደሩ ግራ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎች ጠዋት ጠዋት ተንጋደው ታገኛቸዋለች። ባቡሩ ያንቀጠቀጣቸው መስሏት እያስተካከለች ታልፍ ነበር። ባቡሩ ግን እሷ ይህን ቤት ከያዘች ጀምሮ በጓሮው አጥር ሥር ወደ ከተማው ሲመላለስ ኖሯል፤ ፎቶ አጋድሎ አያውቅም። አሁን በሩ ላይ ቆማ ስታስበው፣ ፎቶዎቹ የተሰቀሉበት ከፍታ የልጁ ትከሻ የሚደርስበት መሆኑን አስተዋለች። ወደ ግራ እያዘነበለ ነበር የሚሄደው።

«ዳርሲ፣ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«ቁርስ እየበላሁ።»

«ከቆሻሻ ልብስ ጋር?»

«ካልሲዎቼ ናፍቀውኝ ነው፣ ብሮን።»

ልትስቅ ነበር። በሩን ስትከፍተው ግን የወጥ ቤቱ ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈና ክንዱን አንስቶ ዓይኖቹን ከለለ፤ ዱላ የተሰነዘረበት ሰው እንደሚያደርገው። በልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቶቹ አገጩን ሊነኩ ምንም አልቀራቸው። ሃያ ዓመቱ ነው። ባሕር ማዶ ካለችው ደሴት፣ ከታዝማኒያ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዝናቡ ሣር ከማያበቅልበት የማዕድን ከተማ ነው የመጣው፤ የዚያ ከተማ ሜዳ ጠጠር ነው፤ ልጆቹም በእጅም በእግርም የሚጫወቱበትን ሞላላ ኳስ ይዘው ሲወድቁ ክርናቸው ላይ ጠጠር ቀርቶ አብሯቸው ያድጋል። በምልመላው ቀን፣ ክለቦቹ ሁሉ በየተራቸው ከአገሩ ወጣቶች የሚፈልጉትን ሲጠሩ፣ የእሱ ስም ወደ መጨረሻው ላይ ተጠራ። ክለቡ ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች ብቻቸውን አያሳድርም፤ ትርፍ ክፍል ካላቸው ሰዎች ቤት ያስቀምጣቸዋል። ብሮንዊን ትርፍ ክፍል ነበራት። «የቤት እናት» ይሏታል፤ ቃሉን ሳትወደው ለምዳዋለች።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ የአንድ ጓደኛው ጉልበት ከጆሮው ጀርባ አግኝቶታል። አፍንጫው ስለደማ «አፍንጫዬን ነው» ብሎ ተነሳ፤ ሁሉም አፍንጫውን አዩለት። የክለቡ ሐኪም ለጥንቃቄ ያህል ዓርብ ከሰዓት ጭንቅላትህን እፈትንሃለሁ አለው። ሐሙስ ማታ ለቅዳሜው ጨዋታ የቡድኑ ስም ዝርዝር ሲወጣ፣ ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ የዳርሲ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡ ነበር። እናቱ በስልክ ስትጮህ ብሮንዊን እስከ ሳሎን ድረስ ሰምታታለች። ዛሬ ዓርብ ነው።

«ሐኪሙ ምንድነው የሚጠይቅህ?»

«ወሮቹን ከመጨረሻው ጀምሮ። ቁጥር ገልብጦ መናገር። በአንድ እግር መቆም። ከዚያ ደግሞ ቃላቱ።»

«የትኞቹ ቃላት?»

 ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ ለማስቀመጥም ወለሉን በእጁ ዳብሶ ፈለገው። ያን ጊዜ ገባት።

በፌብሩዋሪ፣ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ባለበት ሰሞን፣ ከራት በኋላ የኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቃላት ታነብለት ነበር። ድልድይ፣ ማር፣ መርፌ፣ ጥጥ፣ ደወል። «የሥነ ልቦና ባለሙያው ለትኩረት ብሎ ያዘዘን ነው» ብሏት ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት፣ እድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረችበት መላ ከእጇ ሳይጠፋ ቢጠቅም ብላ፣ ቃላቱን ወደ ተረት እንዲቀይራቸው አስተማረችው። ድልድዩ ላይ ማር ፈሰሰ፤ መርፌ የያዘች ሴት በጥጥ ስትጠርገው ደወል ተደወለ። በሳምንቱ አንድም ሳይስት ይላቸው ጀመር። አሁን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሆኖ ነገራት፤ ቃላቱ የሐኪሙ ቃላት ናቸው። በየጊዜው የተመቱት ትልልቆቹ ተጫዋቾች ይዘዋቸው ይወጡና ለታናናሾቹ በቃል ያወርሷቸዋል። እነዚያው ትልልቆች ሌላም ምክር አላቸው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ጤነኛ ሆነህ ስትፈተን ዝግ በል፣ ጥቂት ሳት፤ የተመታህ ቀን ከጤነኛው ቀንህ እንዳትለይ።

«ሁሉም ያደርገዋል» አለ። «ያላደረገ ጅል ነው።»

«እያመመህ ነው?»

«ብርሃን ብቻ። ደህና ነኝ ባክሽ፣ ብሮን። ቅዳሜን ብቻ ልለፍ። እሑድ እተኛልሻለሁ፤ ከፈለግሽ እስከ ገና ድረስ እተኛለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እግሬን ታገሱኝ፣ ዘንድሮ ትከሻዬን ታገሱኝ። አሁን ጭንቅላቴ ቢባል... የቀሩት ጨዋታዎች ሦስት ናቸው። ከዚያ ተቀምጠው ማን ይቆይ ማን ይሂድ ይላሉ። ማንን እንደሚሸኙ ላንቺ ልንገርሽ?»

 ሳህኑን አንስታ ይዛ ወጣች፤ በሩን መልሳ ዘጋችለት፤ ብርሃኑ እንዳይገባበት።

ዳቦ ቤቱ ዓርብ ጠዋት ሰልፍ አለው። ለማታው የማሊያ መስጫ ዝግጅት ያዘዘቻቸውን ትናንሽ የሥጋ ኬኮች ልትወስድ ነው የሄደችው፤ ዋጋው ካለፈው ዓመት በአንድ ሦስተኛ ጨምሯል፤ ሻጩ ቬትናማዊ ሽማግሌም «ሥጋውን ተቆጪ እንጂ እኔን አትቆጪ» ብሎ ስድስት ጨመረላት። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሰዎች አንገታቸው ላይ የክለቡን ሻርፕ ጠምጥመዋል። አንደኛው «በመጨረሻ ያንን የታዝማኒያውን ልጅ አስገቡት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለቡት። ፈረስ ቢሆን እስካሁን ሸጠነው ነበር።» ተሳሳቁ። ሲወጡ ትልቁ ሰውዬ በሩን ይዞላት ቆመና በትሕትና አሳለፋት። አመሰገነችው።

ስትመለስ ሻነን በረንዳዋ ላይ ይጠብቃት ነበር። የክለቡ ሥራው ወጣቶቹን መከታተል ነው፤ ይብሉ፣ ይተኙ፣ ለእናታቸው ይደውሉ እንደሆነ። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ የብሮንዊንን ሻይ ይጠጣል። ደግ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ዳርሲ ናፍቆት ጀምሮት ክፍሉ ውስጥ ሲውል፣ ሻነን ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ መጥቶ ዓሣ ማጥመድ ይዞት ሄዷል፤ ራሱ ባሕር ላይ የሚያስታውከው ሰው። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድና ለቤተሰቡ የመግቢያ ካርዶች ይዞ መጥቷል። ወጥ ቤት ተቀመጡ። የማታውን ሥርዓት ነገራት። መጀመሪያ አሰልጣኙ ይናገራል፤ ቀጥሎ የቤት እናት ሁለት ቃል ትላለች፤ ከዚያ አባቱ ማሊያውን ለልጁ ይሰጣል። «አጭር አድርጊው፤ አስለቅሽን፤ ተቀመጪ» አላት።

«ሻነን፣ ልጁ ደህና አይደለም።»

ኩባያውን አስቀመጠ።

«ማክሰኞ የተመታው አፍንጫውን አይደለም። ብርሃን...»

«ብሮን» አለና መዳፉን ዘረጋ፤ መኪና የሚያስቆም ፖሊስ ይመስል። «እንዳትነግሪኝ። ከነገርሽኝ ሰማሁ ማለት ነው። ከሰማሁ መናገር አለብኝ፤ ከተናገርኩ ልጁ ወጣ። ከሰዓት ሐኪሙ ያየዋል። ሐኪም የተቀጠረው ለዚህ ነው።»

«ፈተናውን ሸምድዶታል።»

ሻነን ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከጓሮው አጥር ወዲያ ባቡር አለፈ።

«እኔ አንድ ጨዋታ ነው የተጫወትኩት» አለ በመጨረሻ። «ታውቂያለሽ? በሃያ ዓመቴ። በሳምንቱ ጉልበቴ ሄደ፤ በወሩ እኔ ሄድኩ። ግን አንዷን ጨዋታ ማንም አይወስድብኝም። ልጆቼ አባታችን ተጫውቷል ይላሉ። ያልተጫወቱትን ታያቸዋለሽ፣ አርባ ዓመት ሞልቷቸውም ገና ከዚያ በር ላይ እንደቆሙ ናቸው። እኛ ይህን ልጅ ታግሰነዋል፣ ብሮን። ከላይ ያሉት ዓምና ይሂድ ሲሉ እኔ ነኝ ታገሱት ያልኩት። አሁን በሩ ተከፍቶለት እኔው ልዝጋበት?»

«ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃለህ።»

«ምንም ላይሆን እንደሚችልም አውቃለሁ» አለ። ተነሥቶ ኩባያውን ራሱ አጠበ፤ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም ነበር። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ የተንጋደደ ፎቶ አይቶ ቀጥ አደረገውና ሄደ።

ቤተሰቡ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ከአየር ማረፊያው ያመጣቻቸው እሷ ናት። አባትዬው ሮድኒ ከኋላ ተቀምጦ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልወጣውም። እናቱ ኬሪን ከፊት ተቀምጣ ለሁለት ትናገራለች። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ብርዱ፣ በከተማቸው ያለው መጠጥ ቤት ቅዳሜ ትልቁን ቴሌቪዥን ከሌላ ከተማ ተውሶ እንደሚያቆም፣ ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ሰው ለደስታ ተሰብስቦ እንደማያውቅ። «ቄሱ እንኳ የሠርግ ሰዓት አዛወሩ» አለች። «ሙሽሪት ናት የለመነቻቸው።» ብሮንዊን መሪውን ይዛ ፈገግ አለች። የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ ከኋላ ወንበር የተጫነባት ያህል መኪናው ከብዷት ነበር።

ዳርሲ በሩ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀበላቸው። እናቱ «አሁንማ ታዋቂ ሆነሃላ» ብላ ሳቀችበትና አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች። እሱም ሳቀ፤ ስትለቀው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ የበሩን መቃን ያዘ። አባቱ እጁን ጨበጠው። ሁለቱ ወንዶች ሲጨባበጡ ከሚገባው በላይ ቆዩ። ለምሳ ብሮንዊን የበግ ጎድን ጠብሳ፣ ድንች ቀቅላ አቀረበች። ዳርሲ ጥቂት ቀማምሶ ለጨዋታ ቀለል ብዬ ልዋል አለ። ሻነን ወደ ሐኪሙ ፈተና ሊወስደው ሲመጣ ከመኪናው አልወረደም፤ ጥሩምባውን ብቻ አሰማ።

ከምሳ በኋላ ሮድኒ ጓሮ ወጣ። ሥራ የለመደ እጅ ሰው ቤት ሲቀመጥ ያሳክከዋል። አጥሩን ነቀነቀ፤ የቧንቧውን ጠብታ አጠበቀ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የጣራውን ቦይ ሲያይ ቆየ።

«ይህ ቦይ በቅጠል ተሞልቷል» አላት፤ ከመጣ የተናገረው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ዝናብ ከመጣ ውኃው ወደ ግድግዳው ነው የሚገባው። መሰላል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ከጎረቤት ልዋስ?»

«ተወው፣ ሮድኒ።» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጠነከረ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገና ወደ አጥሩ ተመለሰ።

መሰላሉን የሰጠችው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ነው፤ ባሏ ኔቪል በሞተ በሳምንቱ። በሞተበት ቀን ያንኑ ቦይ ሲጠርግ ከመሰላሉ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ «አዛውንት እንደ ድመት ሲወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ቀለደባት። ሻይ ጠጣ። ስለ ምርጫው ዜና አወሩ። ጥቂት ልረፍ ብሎ ጋደም አለ። እሷ ጫጫታ እንዳይረብሸው ብላ ሬዲዮኑን ዘጋች፤ ከሰዓቱን ሙሉ በእግር ጣቷ ስትራመድ ዋለች። ይህን ለማንም ዘርዝራ አውርታ አታውቅም። ለዳርሲ አንድ ቀን ቦዩን ልጥረግልሽ ብሎ ሲለምናት ግማሹን ነግራዋለች፤ የወደቀበትን ግማሽ።

ኬሪን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የባሏን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ብሮንዊን ገብታ ከቅርጫቱ አጠገብ ቆመች። ያ ክፍል መስኮት የለውም፤ የካውያው እንፋሎትና የሳሙናው ሽታ ይታፈንበታል።

«ኬሪን፣ ዛሬ ጠዋት ዳርሲ እዚህ ነበር ቁርስ የበላው። ጨለማ ፈልጎ።»

ኬሪን ካውያውን አላቆመችም። የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ሄደችበት፤ ተመለሰችበት።

«ልትነግሪኝ እንደምትችዪ ነግሮኛል» አለች። «በስልክ። ብሮን ትጨነቃለች፣ እማዬ፣ እንዳትደነግጪ አለኝ። ስለ ባልሽም ነግሮኛል። አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው። እግዜር ያጽናሽ።» ካውያውን አቆመችው። «ግን ያንቺን ሐዘን ልጄ ላይ አትጫኚብኝ። አባቱን አይተሽዋል? ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ሰው ሆኖ የተነሣው ትናንት ማታ ነው። ኮቱን ከዚያ ከሠርጋችን ወዲህ ለብሶት አያውቅም። ልጄ ሐኪም አለው፣ ክለብ አለው፣ ትልልቅ ሰዎች አሉት። እኔ እናቱ ነኝ፤ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው።»

«ወሮቹን...»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

ሸሚዙን ከመተኮሻ ጠረጴዛው አንስታ ወደ ላይ ዘረጋችው፤ በሁለቱ ሴቶች መካከል ነጭ ሆኖ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወዲያ ክለቡ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱ የተነጋገሩት ስለ ጨው፣ ስለ ፎጣና ስለ መኪናው ቁልፍ ብቻ ነው።

የስብሰባው አዳራሽ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከላይ እስከ ታች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊው ማሊያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሜዳው በትልቁ መስታወት በኩል ይታያል፤ ጀምበሯ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ ሣሩ ጥቁር ሊሆን ደርሷል። የብሮንዊን ኬኮች ጥግ ላይ በሳህን ተደርድረዋል፤ ማንም ገና አልነካቸውም። ሐኪሙ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሰውነቱ የሯጭ። ስታልፍ አስቆማትና «ልጅሽ ጎበዝ ነው» አላት። «አንድም አልሳተም። ቃላቱን እንደ ውኃ ነው የጠጣቸው። ጤነኛ ሆኖ ከተፈተነው የዛሬው በለጠ።»

«ይህ አላስገረመህም?»

ሐኪሙ ፈገግ እንዳለ ቀረ። አሰልጣኙ ማይኩን መታ መታ አደረገው።

አሰልጣኙ ስለ ትዕግሥት ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሌሎች ክለቦች ልጆችን እንደ ሎሚ ጨምቀው እንደሚጥሉ፣ እዚህ ቤት ግን እንደሚጠበቁ፤ ዳርሲ እግሩ ሲሰበር ማንም ፊቱን እንዳላዞረበት፤ ትከሻው ሲወጣም እንደዚያው። «ይህ ማሊያ የትዕግሥት ደመወዝ ነው» አለ። «የእሱም፣ የእኛም።» ከላይ የተቀመጡት ወለሉን በእግራቸው ደበደቡ። ዳርሲ ከፊት ብቻውን በወንበር ተቀምጦ፣ ሁለት እጆቹን ከታፋው ሥር አድርጎ፣ ጣራው ላይ ካለው መብራት ዓይኑን ለማሸሽ ወለሉን ያያል። መነጽሩን አስወልቀውታል።

ከዚያ አሰልጣኙ የቤት እናቱን ጠራ። ብሮንዊን ተነሣች። የጻፈችው ነገር አልነበራትም። ከታች እስከ ላይ ያሉትን ፊቶች አየች፤ ግማሾቹ ገና ጢም ያላበቀሉ፤ ስንቶቹ ተረት ሠርተው ቃል እንደሚይዙ አሰበች። ሻነን ግድግዳው ሥር እጆቹን አጣምሮ ያያታል፤ ጭንቅላቱን በጣም በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ።

«ሁለት ዓመት ልጃችሁን አብልቻለሁ» አለች። «እንድታገሠው ነበር የተነገረኝ። እኔ ግን አንድም ቀን መታገሥ አላስፈለገኝም፤ ቤቴ ውስጥ ሰው ነበር።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አሁን እናንተን ትንሽ ትዕግሥት ልለምናችሁ። ይህ ልጅ ማክሰኞ የተመታው ጭንቅላቱን ነው። ብርሃን ይሸሻል። ሲሄድ ግድግዳ ይነካል። ሐኪሙ የጠየቁትን ቃላት ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሆኑ ሳላውቅ። ነገ አታስገቡት። ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት። ታጋሾች ናችሁ ብላችኋል።»

 ዳርሲ ቀና አላለም፤ ጆሮዎቹ ግን ቀሉ። ከላይ አንድ ሰው ሳለ። አሰልጣኙ ማይኩን በዝግታ ተቀበላት፤ ትከሻዋን አቅፎ ወደ ራሱ ሳብ አደረጋት።

«ጌቶች፣ አንድ እናት ያለው ሰው አንድ ጭንቀት አለው» አለ። «ዳርሲ ሁለት አለው። ለዚህ ነው ክብደት የማይጨምረው!» ሳቁ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ወረደ፤ እፎይታ ያለበት ሳቅ ነበር፤ የታመቀ ነገር ሲተነፍስ እንደሚሰማው። «ሐኪማችን አይቶታል፤ አይደል፣ ዶክተር?» ሐኪሙ ሁሉም ወደ እሱ ሲዞር አውራ ጣቱን አነሣ፤ ጣቱ ከደረቱ በላይ ግን አልወጣም። ብሮንዊን ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ኬሪን ቦርሳዋን ከመካከላቸው አስቀምጣ፣ ፊት ለፊት እያየች፣ «እንዴት ብትደፍሪ ነው» አለቻት በሹክሹክታ። «በአባቱ ፊት።»

ሮድኒ ተነሣ። ኮቱ ክንዱ ላይ አጥሮበታል። ማሊያውን ከጠረጴዛው ሲያነሣ እንቁላል የያዘ ይመስል ነበር። ንግግር ተዘጋጅቶ እንደነበር ከኪሱ ብቅ ያለው ወረቀት ያስታውቃል፤ አላወጣውም። «በል እንግዲህ፣ ልጄ» አለ ብቻ፤ ዳርሲም ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ አዳራሹ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ።

ልማዱ እዚያው መልበስ ነው። ዳርሲ ጭንቅላቱን አስገባ። ቀኝ ክንዱን ላከ፤ ክንዱም በአንገቱ ቀዳዳ በጉንጩ በኩል ወጣ። ተጫዋቾቹ ሳቁ። አወጣውና እንደገና ላከው፤ አሁንም በአንገቱ በኩል። «ፍቅረኛህን ጥራት ታልብስህ!» ብሎ አንዱ ከላይ ጮኸ፤ ሳቁ በረታ፤ ጭብጨባው ምት ያዘ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ ለማበረታታት ነበር። ዳርሲም አብሯቸው ሳቀ። ግራ እጁ የማሊያውን ጠርዝ ይዞ ክንድ የሚገባበትን ይፈልጋል፤ ከዓይኑ ሥር ነው፤ ያየዋል፤ እጁ ግን አልፎት ሄዶ አየር ይጨብጣል። ሮድኒ ሊያግዘው አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ፤ የልጁን ዓይን አይቶ ነበር።

ብሮንዊን ያልሳቀች እሷ ብቻ የሆነች መስሏት ነበር። ዞር ስትል ኬሪን ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ነው፤ ግን ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ይመስላል። እጆቿ ለማጨብጨብ እንደተነሡ ተለያይተው ቀርተዋል። ከዚያ ተነሣች። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ድምፅዋ የመጣው በአደባባይ መናገር ከለመደ ሰው አልነበረም፤ በማዕድን ከተማ መንገድ ላይ ልጆቿን ከሩቅ ከምትጠራ ሴት ነው እንጂ።

«አውልቁለት» አለች።

ጭብጨባው ከላይ በኩል ገና አላቆመም ነበር።

«ሰማችሁ? አውልቁለት ነው የምለው!»